ክሎን ዋርስን ስንተኛው ስታር ዋርስ ላይ እናስገባው?

የናሆም እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ስታር ዋርስ ከሚባሉት የጠፈር ጦርነት ፊልሞች ውጪ ወሬ የለውም። ክፍል 1 እና 2ን አብረን አየን። ቅዳሜ ክፍል 3ን ልንከፍት ስንል የአጎቱ ልጅ «ቆይ፣ መሃል ላይ ክሎን ዋርስ የሚባል አኒሜሽን ፊልም አለ» አለን። ካላየነው የሚያመልጠን ነገር አለ? ለዕድሜውስ አይከብድም? ፍላሽ ላይ የተጫነልን ክሎን ዋርስ ይላል፤ ስንከፍተው ግን የ3 ደቂቃ ቁርጥራጭ ነው።

ዳዊት፦ የአጎቱ ልጅ ልክ ነው። የክሎኖቹ፣ ማለትም ከአንድ ሰው ተባዝተው የተሠሩት ወታደሮች፣ ጦርነት ክፍል 2 ማለቂያ ላይ ይጀመራል። ክፍል 3 ሲከፈት ደግሞ ሊያልቅ ተቃርቧል። ፊልሙ የሚገባው እዚያ መሃል ነው። የወንበዴዎቹ አለቃ የጃባ ትንሹ ልጅ ይታገታል፤ ዋናው ጀግና አናኪን ሊያስመልሰው ይሄዳል። ዋናው ነገር ግን አሶካ ናት። እሷ ለአናኪን ተማሪ ሆና የተሰጠችው እዚህ ነው። ክፍል 3 ላይ ስሟ እንኳ አይነሳም፤ ስለዚህ ባታዩትም ታሪኩ አይጠፋባችሁም። እኔ ግን እዩት ነው የምለው። አናኪን ሰው ሲያስተምር ያየ ልጅ፣ በኋላ የሚሆነውን ሲያይ ይበልጥ ይሰማዋል።

ቤቲ፦ እህቴ፣ የተጫነልሽ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 የወጣ፣ በእጅ የተሳለ የሚመስል፣ 25 አጫጭር ክፍሎች ያሉት የገንዲ ታርታኮቭስኪ ሥራ ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የምትፈልጊው እ.ኤ.አ. የ2008ቱን፣ ዴቭ ፊሎኒ ያዘጋጀውን ፊልም ነው። በኮምፒውተር የተሠራ ነው፤ ርዝመቱ 1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ነው። ብርቱካናማ ፊት ያላት ልጅ ካየሽ አሶካ ናት፣ አገኘሽው። ያኛውንም አታጥፊው፣ በጣም ያምራል!

የሁለት ልጆች አባት፦ እኔ የ8 ዓመት ልጄን ይዤ አይቼዋለሁ። የሚወድቁት አብዛኞቹ ሮቦቶች ናቸው። ክሎኖቹም ግን ይሞታሉ። ልጄ «እነሱ ሰው አይደሉም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አቁመን ተነጋገርንበት። አጠገቡ ተቀመጪ። እኔን ያሳሰበኝ ክፍል 3 ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ወላጅ ይጠንቀቅ የተባለበት የመጀመሪያው ስታር ዋርስ እሱ ነው። መጨረሻው ላይ ያለውን የእሳት ቦታ ቀድመሽ ለብቻሽ እዪው።

ሚኪ፦ እናታችን፣ አንድ ነገር ልጨምርልዎት። ፊልሙን ብቻ አይተው አይፍረዱበት። ለቴሌቪዥን የተሠሩ ክፍሎች ናቸው ተያይዘው ሲኒማ የገቡት፤ ስፌቱም ይታያል። እውነተኛው ሀብት በዚያው ዓመት የጀመረው ተከታታይ ነው። 7 ሲዝን፣ 133 ክፍል አለው። አሶካ ስታድግ የሚያዩት እዚያ ነው። ክፍል 3ን ከዚያ በኋላ ቢያዩት ይሻላል።

ዳዊት፦ ሚኪ፣ 133 ክፍል አስጨርሰህ ነው ልጁን ወደ ክፍል 3 የምትመልሰው? ደግሞ የሲዝን 7 የመጨረሻዎቹ 4 ክፍሎች ከክፍል 3 ጋር እኩል ነው የሚሄዱት። እነሱን ቀድሞ ካየ ትልቁ ነገር ይነገረዋል።

ሚኪ፦ እሱስ እውነት ነው። እንግዲያው ፊልሙ፣ ከዚያ ክፍል 3፣ ከዚያ ተከታታዩ። እነዚያን 4 ክፍሎች ግን ለመጨረሻ ያቆዩለት።

የናሆም እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የ2008ቱን ዛሬ አስጭኜ ቅዳሜ እናየዋለን። ክፍል 3ን አርብ ማታ ልጁ ሲተኛ ለብቻዬ ላየው ነው።