አሥርቱ ትእዛዛት በልጄ ክፍል

እናት ከጋርላንድ (ቴክሳስ፣ አሜሪካ)፦ በ2025 እ.ኤ.አ. የቴክሳስ ገዥ ግሬግ አቦት የፈረሙት ሕግ አሥርቱ ትእዛዛት በመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍሎች እንዲሰቀሉ ያዛል። እኔ ደስ ብሎኛል። ግን የ9 ዓመቱ ልጄ «የተቀረጸ ምስል አታድርግ» የሚለውን አንብቦ መጣ። «እማዬ፣ የእመቤታችን ሥዕልስ?» አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሙሴ ራሱ በታቦቱ ላይ ኪሩቤል እንዲሠራ ታዟል። ዘጸአት 25ን አሳዪው። እናከብራለን እንጂ አናመልክም።

ሌላ መልስ፦ እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ፅንስ ማስወረድንም አጥብቄ እቃወማለሁ። ይሄን ሕግ ግን አልደግፍም። ቃሉ ኪንግ ጄምስ በሚባለው የቆየ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ላይ የተመሠረተ ነው። መንግሥት ለሁሉም አንድ ትርጉም ሲመርጥ ያንቺ ልጅ ግራ ተጋባ። ሃይማኖት ማስተማር የወላጅ ሥራ ነው።

እናት ከጋርላንድ፦ ወንድሜ፣ ይገባኛል። አባቴ ግን በደርግ ጊዜ አስተማሪ ነበር። ክፍል ውስጥ የእግዚአብሔርን ስም ማንሳት ይፈራ ነበር። ለዛ ነው ግድግዳው ላይ ሳየው ያለቀስኩት። ዘጸአትን ዛሬ ማታ ከልጄ ጋር እናነባለን።