የዳቦ ማሽን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ቸኳይዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እስቲ አማክሩኝ። የዳቦ ማሽን ልገዛ ካሰብኩ ሰነበትኩ፤ ግን እጄ አልፈታ አለ። ቤት ውስጥ አራት ነን። ልጆቹ ዳቦ አያስተርፉም፤ ዛሬ የጋገርኩት ነገ ምሳ ዕቃቸው ውስጥ ገብቶ ያልቃል። መጋገር እወዳለሁ። ችግሬ ጊዜ ነው። ከሥራ ዝዬ ነው የምገባው። ማቡካቱን እንኳ ብችለው፣ ኩፍ እስኪል ተቀምጬ መጠበቁ አይሆንልኝም።

ባለቤቴ ደግሞ «አንድ ሰሞን ትጋግሪበትና ከጭማቂ መጭመቂያው አጠገብ ትሰቅይዋለሽ» እያለ ያበሽቀኛል። መጭመቂያው ቁምሳጥን አናት ላይ አቧራ ለብሶ እየታየ ምን ብዬ ልከራከር?

እና ልጠይቃችሁ። የሚወጣው ዳቦ ከምር ይበላል? ማታ ሞልቶ ተኝቶ፣ ጠዋት በትኩስ ዳቦ ሽታ መንቃት የሚባለውስ እውነት ነው? መብራት አይፈጅም? ኦቨን አለኝ፤ ትንሽ ናት እንጂ ትሠራለች።

ቅርፊት ወዳድ፦

ኦቨን እያለሽ? ተይው እህቴ። ማሽን የጋገረው ዳቦ ጎኑ ይጠነክራል፣ አናቱ ገርጥቶ ይቀራል። የሚያግለው ሽቦ ከታችና ከጎን ስለሆነ ነው። ሲቆረስ የሚንኮሻኮሽ ቅርፊት ከዚያ አትጠብቂ።

ጉልበት ለመቆጠብ ከሆነ ሳያቦኩ መጋገርም አለ። 400 ግራም ዱቄት፣ 300 ግራም ውሃ፣ 8 ግራም ጨው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ፈጣን እርሾ። ማታ በማንኪያ አማስለሽ ክደኚውና ተኚ። ከ12 እስከ 18 ሰዓት ሲቆይ ማንም ሳያሸው ሊጡ ራሱ ይጠነክራል። ከዚያ ጠቅለል አድርገሽ ታሳርፊውና፣ ክዳን ያለው ከባድ ድስት ኦቨን ውስጥ በ230 ዲግሪ አግለሽ እዚያ ውስጥ መገልበጥ ነው። ለዚህ ማሽን ምን ያደርጋል?

አሮጌ ማሽን፦

ቅርፊት ወዳድ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ጥያቄዋን ግን አላነበበውም መሰለኝ። 18 ሰዓት የቆየ ሊጥ፣ ማክሰኞ ማታ የሚጠቀልለውና ድስት የሚያግልለት ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ዝላ የገባችው እሷው ናት።

እኔ ማሽን ከያዝኩ ዓመታት አልፈዋል፤ የማውቀውን ልንገርሽ። ዕቃው ቀላል ነው። አንድ ድስት፣ ከሥሩ የምትሽከረከር ትንሽ ማቡኪያ፣ ዙሪያውን ማሞቂያ። ውሃ፣ ጨው፣ ዱቄት ትጨምሪያለሽ። ዱቄቱን አናቱ ላይ ጎድጎድ አድርገሽ ደረቅ እርሾውን እዚያ። አንዳንዱ ማሽን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ መመሪያውን ማየት ነው። መደበኛው ፕሮግራም ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። ካንቺ የሚፈልገው አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

የጠዋቱ ሽታ እውነት ነው። ሰዓት መሙያ አለው፤ ብዙዎቹ እስከ 13 ሰዓት ያዘገዩልሻል። ወተትና እንቁላል ያለበትን ግን ለሌሊት አትተዪ፤ ሳይጋገር ሲያድር ይበላሻል። እርሾውም ውሃ እንዳይነካው። ከነካው ማሽኑ ሥራ ሳይጀምር እሱ ይጀምራል። ደግሞ ማሽኑ ሲያቦካ ድምፅ አለው። መኝታ ቤትሽ ለማእድ ቤቱ ቅርብ ከሆነ፣ ከሽታው በፊት የሚቀሰቅስሽ እሱ ነው። ይህን ሻጮች አይነግሩሽም።

መብራት አያስፈራሽ። ማሞቂያው አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 700 ዋት ነው። እሱም በጋገራው ሰዓት እንጂ ሙሉውን አይበራም። ለአንድ ዳቦ ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ኦቨን ባዶውን ሲግል ብቻ ወደዚያ ይጠጋል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። «ሞልተህ እርሳው» የሚሉትን አትስሚ። ቢያንስ ዱቄትሽን እስክትለምጂው ድረስ፣ ማቡካት በጀመረ በአምስተኛው ስድስተኛው ደቂቃ ክዳኑን ክፈቺና እዪ። መክፈት ምንም አያደርገውም፤ ክዳን መክፈት የሚጎዳው ኩፍ ሲልና ሲጋገር ነው። ሊጡ ኳስ ሆኖ፣ ግድግዳውን ጠራርጎ፣ ከማቡኪያዋ ጋር መዞር አለበት። በጣትሽ ነካ ስታደርጊው ያዝ አድርጎ ይለቃል። ሥሩ ላይ ተነጥፎ የሚዘረጋ ከሆነ አንድ ማንኪያ ዱቄት። ድርቅ ብሎ ማሽኑን ካስቃሰተው አንድ ማንኪያ ውሃ። ጥቂት ጠብቀሽ ደግመሽ እዪ። አናቱ የሰመጠ ዳቦ ሲገጥምሽ አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ወይም እርሾው በዝቶ ነው። አየሩ ሲሞቅ ደግሞ እርሾው ስለሚፈጥን ቀነስ ማድረግ ነው። ያልተነፋው ሙሉ ስንዴ ዱቄት ከነጩ የበለጠ ውሃ ይጠጣል።

ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ሚዛን ግዢ። በኩባያ የተለካ ዱቄት፣ ጠቅጥቀሽውና ነፋፍተሽው እኩል አይመዝንም። ለመጀመሪያ 500 ግራም ዱቄት፣ 310 ግራም ውሃ፣ 9 ግራም ጨው፣ 5 ግራም እርሾ፣ ትንሽ ዘይት። ይህ ለትልቁ የድስት መጠን ነው።

አንድ የምወዳት ታሪክ አለች። የጃፓኑ ማትሱሺታ ኩባንያ በ1987 ላወጣው የዳቦ ማሽን ሲለፋ፣ የመጀመሪያው ሙከራ ቅርፊቱን እያሳረረ ውስጡን ጥሬ ይተወው ነበር። ኢኩኮ ታናካ የምትባል የሶፍትዌር ባለሙያቸው ኦሳካ ውስጥ ወደ አንድ ታዋቂ ሆቴል ዋና ዳቦ ጋጋሪ ሄዳ ሙያውን ተማረች። ሰውዬው ሊጡን እየለጠጠ ይጠመዝዘው ነበር። ይህን በማሽን ለማምጣት የድስቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ዘንጎች አወጡበት፣ ሊጡ እነሱ ላይ እየተያዘ እንዲለጠጥ። ስትገዢ ድስቱን አውጥተሽ ውስጡን ዳብሺ። ግድግዳው ፍጹም ልሙጥ ከሆነ ሊጡ ዝም ብሎ ይንሸራተታል።

እኔ ራሴ ከሚጋግረው ይልቅ የሚያቦካውን ነው የምጠቀምበት። «ሊጥ» የሚል ፕሮግራም አለው፤ አቡክቶ፣ ኩፍ አድርጎ፣ በሰዓት ተኩል ገደማ ያስረክባል። ከዚያ ቅርጽ አውጥቼ ኦቨን ውስጥ። የቅርፊት ወዳድን ቅርፊት የማገኘው እንዲህ ነው። ትንሽ ኦቨን ላላት ሰው ይህ ይበጃል ባይ ነኝ፤ በሥራ ቀን ማሽኑ ይጋግር፣ በዕረፍት ቀን ያቡካልሽ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ሰውዬው እውነቱን ነው። ቁምሳጥን ላይ የወጣ ማሽን አይወርድም። ማእድ ቤት ጠረጴዛው ላይ ቋሚ ቦታ ካላገኘሽለት አትግዢ።

ቸኳይዋ፦

ተባረክ ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ ጽፈህ! ቅርፊት ወዳድም አመሰግናለሁ፤ ያንተን ለእሑድ ይዤዋለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ጎረቤቴ ያመጣችልኝ የማሽን ዳቦ ሥሩ ላይ ትልቅ ቀዳዳ ነበረው። ሁሉም እንዲህ ነው? ደግሞ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

ጥገና ላይ ያለሁ፦

ቀዳዳው የማቡኪያዋ ቦታ ነው። መቀነስ ትችያለሽ። የመጨረሻውን ማሸት እንደጨረሰ እጅሽን አርጥበሽ ማቡኪያዋን ከሊጡ ሥር ምዘዣት፣ ሊጡን መልሰሽ አስተካክይው። ትንሽ ስንጥቅ ብቻ ይቀራል። ሌሊት ከሆነ ግን ማን ይነሳል፤ ቀዳዳውን ብሉት።

መብራት ሲጠፋ ብዙዎቹ ለአጭር ጊዜ የደረሱበትን ያስታውሳሉ። አንዳንዱ አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዱ ምንም። ከዚያ ካለፈ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። አንቺ ኦቨን ስላለሽ ሊጡን አውጥተሽ እዚያ መጨረስ ነው።

ያገለገለ ልትገዢ ካሰብሽ ከእኔ ስሚ። ወደ እኔ የሚመጡት በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ድስቱ ሥር ያለው ጎማ አልቆ ውሃ ያፈሳል። ድስቱን ውሃ ሞልተሽ ደረቅ ወረቀት ላይ አስቀምጪው፤ ሻይ እስክትጠጪ ወረቀቱ ከረጠበ ተይው። ሁለተኛ፣ ቀበቶው ላልቶ ሞተሩ ይዞራል፣ ማቡኪያዋ ትቆማለች። ይህን ባዶውን አስነስተሽ አታውቂም፤ ዱቄትና ውሃ ጨምረው እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ሦስተኛ፣ የማይጣበቀው ሽፋን በቢላ ተጭሯል። ያ አይጠገንም። ዳቦ አልወጣ ሲል ብረት የሚያስገባ ሰው ነው ያን የሚያደርገው። ገልብጦ መነቅነቅ ይበቃል። ማቡኪያዋ ድስቱ ውስጥ ከተጣበቀች ለብ ያለ ውሃ ጨምሮ ማቆየት ነው።

ዳቦውን ደግሞ እንዳለቀ አውጪው። ውስጥ ከቆየ በራሱ እንፋሎት ቅርፊቱ ይልማል። የተረፈውን ፍሪጅ አታስገቢ፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ቆርጠሽ ፍሪዘር ውስጥ ይሻላል።

ቸኳይዋ፦

ሜትር ይዤ ማእድ ቤት ዞርኩ። ከመደርደሪያው በታች ልክ የሚሆን ቦታ አገኘሁ፣ የማሽኑን ቁመት ጽፌ ነው የለካሁት። ባለቤቴ እየሳቀ ሜትሩን ያዘልኝ።

አሮጌ ማሽን፦

ክዳኑ ተከፍቶ ለክተሻል? ወደ ላይ ነው የሚከፈተው፣ እንፋሎቱም በዚያው ነው የሚወጣው። መደርደሪያው የእንጨት ከሆነ በጊዜ ብዛት ያብጥብሻል። ሲሠራ ወደ ፊት ጎትተሽ የምታወጪበት ቦታ ይኑርሽ፤ ግን ጠርዝ ላይ አይሁን። ጠንካራ ሊጥ ሲያቦካ እየተንቀጠቀጠ ይራመዳል።