የእንግሊዝ ባቡር ሞዴሎች ጎማቸው ለምን ይጠብባል?

ጥያቄ፦ ተገጣጥሞ የሚሸጥ፣ ከካርቶኑ እንደወጣ ሐዲድ ላይ የሚሄድ፣ በ1፡76 መጠን (ከእውነተኛው 76 ጊዜ አንሶ) የተሠራ የእንግሊዝ የጭነት ፉርጎ ሞዴል ገዛሁ። ከፊት ለፊት ስመለከተው ጎማዎቹ ወደ መሀል የተጠጉ ይመስላሉ። የፋብሪካ ስሕተት ይሆን? ዋጋውስ ለምን ይህን ያህል ተወደደ?

መልስ 1፦ ስሕተት ሳይሆን የቆየ ልማድ ነው። የእውነተኛው ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊሜትር በመሆኑ፣ በዚህ መጠን ሲቀነስ ወደ 19 ሚሊሜትር ሊጠጋ ይገባው ነበር፤ ሞዴሉ ግን የሚሄደው ለ1፡87 በሚስማማው የ16.5 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ ነው። የእንግሊዝ ባቡሮች ከሌላው አውሮፓ ባቡሮች ጠበብና አጠር ስለሚሉ፣ የዚያን ዘመን ሞተር በ1፡87 አካል ውስጥ ማስገባት አስቸጋሪ ነበር፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ ሐዲዱን እንዳለ ትተው አካሉን አሳደጉት።

መልስ 2፦ ዋጋውን በተመለከተ፣ ከፍተኛው ወጪ ፕላስቲኩ ሳይሆን የቀለጠው ፕላስቲክ በግፊት የሚገባበት የብረት ሞልድ ነው። ይህን ወጪ ለመመለስ አምራቾች አንዱን ሞልድ ለዓመታት እየተጠቀሙ፣ ቀለሙንና የፉርጎውን ቁጥር ብቻ በመቀየር ደጋግመው ያወጡታል። (ሰብሳቢዎችም፣ እኔን ጨምሮ፣ ደጋግመን እንገዛለን።)

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ጎማዎቹን በሰፊ ዘንግ መተካት ይቻላል?

መልስ 1፦ ለፉርጎ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሐዲዱም በዚያው ስፋት የተሠራ መሆን ይኖርበታል።