በአነስተኛ ገንዘብ አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ፦ ከባልቲሞር መጀመር ይቻላል ወይ?

ጀማሪው (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሦስት ዓመት ልጃችን ጋር በኪራይ የምንኖር ሲሆን፣ ባለፉት ዓመታት ያጠራቀምነውና በቅርቡ የደረሰን እቁብ ሲደመር 38 ሺህ ዶላር ያህል በእጃችን አለ። ሁለታችንም ቋሚ ደመወዝተኞች ነን፤ ክሬዲታችንም (የብድር ታማኝነት ነጥባችን) ከ700 በላይ ነው። ሐሳባችን ባልቲሞር ከተማ ውስጥ አንድ ያረጀ ሮው ሃውስ (ከጎረቤት ቤቶች ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) በርካሽ ገዝተን፣ አድሰን፣ በጥቂት ወራት ውስጥ መሸጥ ነው። ለግዢው ሃርድ መኒ የሚባለውን የግል አበዳሪዎች ብድር እንድንወስድ ተመክረናል፤ እድሳቱንም የምናውቀው አንድ የአገራችን ልጅ ሊሠራልን ፈቃደኛ ነው። ይህ ገንዘብ ለመጀመሪያ ቤት ይበቃል ወይ? ከመፈረማችን በፊት ልናውቀው የሚገባን ምንድን ነው? በሥራው ያለፋችሁ ሰዎች ብትመክሩን ውለታችሁን አንረሳም።

አዳሹ፦

ሰላም ወንድሜ። ባልቲሞር ውስጥ በዚህ ሥራ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ከሂሳቡ ልጀምር። በሙያው የተለመደው መለኪያ የ70 በመቶ ሕግ ይባላል። ቤቱ ታድሶ ሲያልቅ ከሚያወጣው ዋጋ 70 በመቶውን ይወስዱና የእድሳቱን ወጪ ይቀንሱለታል፤ የሚቀረው ለግዢ ሊከፍሉ የሚገባው ከፍተኛው ዋጋ ነው። ታድሶ 220 ሺህ ዶላር የሚያወጣ፣ እድሳቱ ደግሞ 70 ሺህ የሚፈጅ ቤት ቢያገኙ ከ84 ሺህ በላይ ሊከፍሉበት አይገባም ማለት ነው።

በዚህ ምሳሌ ግዢውና እድሳቱ ከሽያጩ ላይ ሲቀነሱ 66 ሺህ ይተርፋል፤ ጀማሪ ሁሉ ልቡ የሚሸፍተው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። ነገር ግን የግዢው ክሎዚንግ (የውል ማጠናቀቂያ ወጪ) 4 ሺህ፣ ፖይንት የሚባለው ከብድሩ በመቶኛ የሚታሰብ የአበዳሪው ክፍያና የአገልግሎት ክፍያ 4,500፣ በ11 በመቶ የሚታሰበው የስድስት ወር ወለድ 8 ሺህ፣ ኢንሹራንሱ፣ የንብረት ግብሩ፣ መብራቱና ውሃው ተደምረው 5 ሺህ፣ በመጨረሻም የኤጀንት ኮሚሽንና የስም ማዛወሪያ ታክስን ጨምሮ የመሸጫው ወጪ 16,500 ያህል ይወስዳሉ። በእጅዎ የሚቀረው 28 ሺህ ነው። ከዚያ ላይ የገቢ ግብር አለ፤ ገዝቶ መሸጡን መተዳደሪያ ካደረጉት ደግሞ 15.3 በመቶ የሚሆነው የራስ ተቀጣሪ ግብር ይጨመርበታል። እድሳቱ ከታሰበው በ15 ሺህ ቢበልጥና ሽያጩ በሁለት ወር ቢዘገይ፣ ያው 28 ሺህ ከግብር በፊት ወደ 9 ሺህ ይወርዳል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ነገሮች ናቸው።

ሌላው ለጀማሪዎች አስቀድሞ የማይነገራቸው ነገር፣ ሃርድ መኒ አበዳሪ የእድሳቱን ገንዘብ በቅድሚያ አለመስጠቱ ነው። ሥራው ይሠራል፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያየዋል፣ ከዚያ በኋላ በየደረጃው ይከፈልዎታል፤ እስከዚያው ድረስ የዕቃውንና የሠራተኛውን ገንዘብ የሚሸፍኑት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ 38 ሺህ ዶላር ቤቱን ያስገዛል፤ ሥራውን ግን እስከ መጨረሻው አያስኬድም የሚል ግምት አለኝ።

ቤት ለማየት ሲሄዱ ሳሎኑን ትተው በቀጥታ ወደ ኋለኛው ክፍል ይለፉ። የእነዚህ ቤቶች ጣሪያ ጠፍጣፋ መስሎ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ውሃው ሁሉ የሚወርደው በኋለኛው ግድግዳ በኩል ነው። አሸንዳው ለዓመታት ተዘግቶ ከኖረ ውሃው በጡቡ ውስጥ እየሰረገ ከግድግዳው አጠገብ ያሉትን የወለል ተሸካሚ እንጨቶች ያበሰብሳቸዋል። ቤዝመንት ወርደው የእንጨቱን ጫፍ፣ ጡቡ ውስጥ የገባበትን ቦታ፣ በካቻቪቴ ወጋ ያድርጉት፤ ካቻቪቴው ያለ ትግል ከገባ የወለል ሥራ ይጠብቅዎታል። የፍሳሽ መስመሩንም በካሜራ ያስፈትሹ፤ ከሸክላ የተሠራ አሮጌ ቱቦ በዛፍ ሥር ተደፍኖ ከተገኘ እስከ መንገዱ ድረስ መቆፈር ሊያስፈልግ ይችላል።

የታይትል ቢሮ ሠራተኛ፦

ሂሳቡ በሚገባ ስለተብራራ እኔ ስለ ሰነዱ ብቻ ልጨምር፤ የዕለት ሥራዬም እሱ ነው።

ባልቲሞር ውስጥ ብዙ ቤቶች የቆሙበት መሬት የሌላ ሰው ነው። ግራውንድ ሬንት የሚባለው ይህ ውል የ99 ዓመት ሆኖ ያለ ማቋረጥ የሚታደስ ሲሆን፣ የቤቱ ባለቤት ለመሬቱ ባለቤት በዓመት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 150 ዶላር ይከፍላል። ከ2007 ጀምሮ አዲስ የግራውንድ ሬንት ውል መፍጠር ተከልክሏል፤ ነባሮቹም በስቴቱ መዝገብ እንዲመዘገቡ ተደርጓል። በአብዛኞቹ ውሎች የዓመቱን ኪራይ ለ6 በመቶ በማካፈል መሬቱን መግዛት ይቻላል፤ ለምሳሌ ኪራዩ 96 ዶላር ከሆነ መግዣው 1,600 ዶላር ይመጣል። ውዝፍ መኖሩን ከመግዛትዎ በፊት ያጣሩ፤ ታይትል ኢንሹራንስም (በባለቤትነት ሰነዱ ላይ ችግር ቢገኝ የሚከላከል ዋስትና) ሳይገዙ አይፈርሙ።

ቤቱ ባዶ ሕንፃ ነው የሚል የከተማው ማስታወቂያ ተሰጥቶበት ከሆነ፣ ያ ማስታወቂያ የሚነሳው ፈቃድ ወጥቶ፣ ሥራው ተመርምሮ፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲሰጥ ነው። ቀለሙና ወጥ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ያ ወረቀት እስካልተገኘ ድረስ ቤቱን ለመሸጥ ይቸገራሉ።

ስለ ኮንትራክተሩ እባክዎ አይከፉብኝ። የአገር ልጅ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በሜሪላንድ የቤት እድሳት የሚሠራ ሰው ከስቴቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥሩን ጠይቀው በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ማረጋገጥ ይችላሉ። ሕጉ ኮንትራክተሩ ከውሉ ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቅድሚያ እንዳይቀበል ይከለክላል። በመካከላችን በቃል ተማምኖ ሙሉውን ገንዘብ መስጠት የተለመደ በመሆኑ፣ ዝምድናም ወዳጅነትም ሲፈርስበት ስላየሁ ነው አጥብቄ የምናገረው። ውል ይጻፉ፤ ክፍያውንም ከተጠናቀቀ ሥራ ጋር ያያይዙት።

እቁቡን በተመለከተ፣ ባንክ ለሞርጌጅ (ለቤት ብድር) ሲያመለክቱ የቅርብ ወራት መግለጫ ስለሚጠይቅ፣ በድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ምንጩ መታወቅ አለበት። በፌደራሉ የቤቶች አስተዳደር ዋስትና ለሚሰጠው የኤፍኤችኤ ብድር እንደ እቁብ ያለ የቁጠባ ማኅበር ተቀባይነት ያለው የገንዘብ ምንጭ ነው፤ ነገር ግን የመዋጮው መዝገብ፣ የገንዘብ ያዡ ማረጋገጫና ማንነት ይፈለጋል። ስለዚህ የእቁቡን ዳኛና ጸሐፊ ከአሁኑ ያነጋግሩ። ገንዘቡ ጥሬ ከሆነ ደግሞ ባንክ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ለመንግሥት ማሳወቁ የተለመደ አሠራር ስለሆነ እንዳያስፈራዎት፤ ይህን ለመሸሽ ከፋፍሎ ማስገባት ግን ራሱ ወንጀል ነው።

የባልቲሞር ነዋሪ፦

ጀማሪው ወንድሜ ቋሚ ደመወዝና ጥሩ ክሬዲት ይዘው ለምን ወደ ሃርድ መኒ እንደሚሄዱ አልገባኝም። ራስዎ የሚኖሩበት ቤት ከሆነ 203ኬ የተባለው የኤፍኤችኤ ብድር ግዢውንና እድሳቱን በአንድ ላይ ያበድራል፤ ቅድሚያ ክፍያው 3.5 በመቶ ብቻ ነው። አዳሹ ባቀረቡት ምሳሌ 84 ሺህና 70 ሺህ ሲደመር 154 ሺህ ነው፤ 3.5 በመቶው 5,390 ዶላር ይሆናል። የክሎዚንጉ ወጪ ተጨምሮበት እንኳ ለመጠባበቂያ የሚተርፍዎት ገንዘብ ብዙ ነው። ቀለል ያለው ዓይነት እስከ 75 ሺህ ዶላር የሚደርስ እድሳት ይሸፍናል፤ ነገር ግን እንደ ተሸካሚ እንጨት ያለ የሕንፃ አካል የሚነካ ሥራ ካለ ሙሉውን ዓይነት መውሰድና አማካሪ መቅጠር ያስፈልጋል።

ግዴታው ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ነው፤ በልብዎ ለመሸጥ ብቻ አስበው እኖርበታለሁ ብሎ መፈረም ማጭበርበር ስለሆነ፣ የሚኖሩበት ከሆነ ብቻ ይግቡበት። ሁለት ዓመት ከኖሩበት ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለ። ከ1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ከሽያጩ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን በባለቤትነት የኖረበት ሰው፣ ከትርፉ 250 ሺህ ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው ግብር ካስገቡ ደግሞ 500 ሺህ ዶላር ድረስ ከፌደራል ግብር ነፃ ነው።

ስለ ልጅዎ ግን ይጠንቀቁ። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ሊድ (እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቀለም ሊኖረው ይችላል፤ ሲፋቅ የሚነሳው አቧራ የትንንሽ ልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ሥራው በሊድ ሥልጠና በተረጋገጠ ድርጅት ይሠራ፤ ቤቱ ጸድቶ አቧራው እስኪመረመር ድረስም አሁን ባሉበት ኪራይ ቤት ይቆዩ። በሙሉው ዓይነት 203ኬ፣ ቤቱ ለመኖሪያ እስኪበቃ ድረስ ያለውን ወርሃዊ ክፍያ በብድሩ ውስጥ ማካተት ይቻላል።

ጀማሪው (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር አነበብነው፤ የሊዱ ነገር በተለይ እንዳሳሰባት ነግራኛለች። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ሁለት ዓመት መቆየቱ በፍጥነት ከመሸጥ ጋር ሲነጻጸር ጊዜያችንን አያባክንም?

አዳሹ፦

ለእኔ ሥራ ያባክናል፤ ለእርስዎ ግን አይመስለኝም። ፈጥኖ መሸጥም ቢሆን ገደብ አለው። ባልቲሞር ውስጥ ብዙ ገዢ የሚገዛው በኤፍኤችኤ ብድር ነው፤ ሻጩ ቤቱን ከገዛ 90 ቀን ሳይሞላው የተፈረመ የሽያጭ ውል ደግሞ ለዚያ ብድር አይበቃም። እርስዎ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሸጡ ግን ይህ ጣጣ አይነካዎትም።

203ኬ ዘገምተኛ መሆኑን ግን ይወቁት። ብዙ ሻጭ አይወደውም፤ አንዳንድ የብድር ሠራተኛም በስም ብቻ ያውቀዋል። ስለዚህ አበዳሪ ሲመርጡ በቅርቡ ስንት የ203ኬ ብድር እንደዘጋ በቀጥታ ይጠይቁት፤ መልሱን ካመነታ ሌላ ይፈልጉ። የመረጡት ቤት የሚገኘው በታሪካዊ ሰፈር ከሆነም ለከተማው የአሥር ዓመት የንብረት ግብር ቅናሽ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያመልክቱ፤ አንድ ግድግዳ እንኳ ካፈረሱ በኋላ ቢያመለክቱ ዕድሉ ሊያመልጥዎት ይችላል። ቅናሹ ለሚቀጥለው ገዢ ስለሚተላለፍ ሲሸጡም ዋጋ ይጨምርልዎታል።