ጥቆማ፦ የክሪፕቶ ትንበያን ለመማርና ተከታይ ለማፍራት የትኛው መድረክ ይበጃል?

ትንበያ እየተማሩ ተከታይ ማፍራት ይቻላል ወይ ለሚሉ፣ አዎ ይቻላል። መድረክ ስትመርጡ ግን የእኔ መለኪያ አንድ ነው፦ የተሳሳተ ትንበያዬን ድምፅ ሳላሰማ ማጥፋት እችላለሁ? የሚቻልበት ቦታ ለንግድ ይመች ይሆናል እንጂ ለመማር አይሆንም።

ስለዚህ የዋጋ ቻርት የሚታይበትንና ሰው ትንተናውን የሚያወጣበትን ድረ ገጽ፣ ትሬዲንግቪውን፣ አስቀድማለሁ። እዚያ ትንተና ካወጣችሁ ከ15 ደቂቃ በኋላ መሰረዝ አይፈቀድም። በቻርቱ ላይ ያለውን የማጫወቻ ምልክት የነካ ሁሉ ዋጋው ከዚያ ወዲህ የሄደበትን መንገድ ያያል። ተንታኙ የሳለው ትልቅ ቀስት ሽቅብ እንደተሰመረ ቀርቶ፣ ካንድሎቹ (የየጊዜውን ዋጋ የሚያሳዩት ዘንጎች) ከሥሩ አንድ በአንድ ቁልቁል ሲወርዱ ማየት ባለቤቱን ያሳፍራል፤ ለተማሪ ግን ተከፍሎበት ከሚወሰድ ብዙ ኮርስ ይበልጣል። በምናባዊ ገንዘብ መለማመጃም አለው፤ ኪሳችሁን ከመንካታችሁ በፊት እሱን ተጠቀሙበት።

ቴሌግራም ሰው ለመሰብሰብ ፈጣን ነው፤ ለቻናል አባላት ቁጥርም ጣሪያ የለውም። ነገር ግን የተሰረዘ መልእክት ዱካ አይተውም። «ሲግናል» (የግዙ‑ሽጡ ጥቆማ) ሻጮች ተሸንፈው የማያውቁ የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው። የታወቀች ዘዴ አለች፦ ሰውየው ሁለት ቻናል ይከፍታል፤ በአንዱ «ይወጣል»፣ በሌላው «ይወርዳል» ይላል። ያልሠራለትን ይዘጋና በቀረው የ«ቪአይፒ» ክፍያ ይጠይቃል። እኔ ቴሌግራምን የምመክረው ሌላ ቦታ የወጣ ትንተናችሁን ለሰው ለማድረስ ብቻ ነው።

ዩቲዩብ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል በተለመደው መንገድ 1,000 ተመዝጋቢና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ያስፈልጋል። «ቢትኮይን ዛሬ የት ይደርሳል?» የሚል ቪዲዮ ለማታ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ማይነሮች (የቢትኮይን ግብይቶችን በኮምፒውተር የሚያረጋግጡት) በአንድ ብሎክ፣ ማለትም በአንድ የግብይት ጥቅል፣ የሚያገኙት ሽልማት ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ለምን እንደወረደ በወጉ ያስረዳ ቪዲዮ ግን ለዓመታት ይፈለጋል።

ለዋጋ መረጃ ኮይንጌኮም ሆነ ኮይንማርኬትካፕ ይበቃል። ሁለተኛውን እ.ኤ.አ. በ2020 የገዛው ራሱ የግብይት መድረክ የሆነው ባይናንስ ስለሆነ፣ የግብይት መድረኮችን ደረጃ ለማየት ወደ ኮይንጌኮ አዘነብላለሁ። የገበያውን ስሜት ከ0 እስከ 100 የሚቆጥረው የፍርሃትና የስግብግብነት መለኪያ ለጨዋታ ማድመቂያ ጥሩ ነው። ግማሹ ከዋጋ መዋዠቅና ከግብይት ጉልበት ስለሚሰላ የሚነግራችሁ በአብዛኛው የሆነውን ነው።

ከሁሉም በላይ የምመክረው ምንም የማያስከፍል ነገር ነው፤ ተራ የኤክሴል ሠንጠረዥ። «በ30 ቀን ውስጥ ከዚህ ዋጋ በላይ ይዘጋል፤ ዕድሉ 70 በመቶ» ብላችሁ ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉ። ቀኑ ሲደርስ ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ስጡት፤ ከ0.7 ጋር ያለውን ልዩነት በራሱ አባዙት። ከሆነ 0.09፣ ካልሆነ 0.49 ይመጣል። ይህ ግሌን ብራየር የተባለ የአየር ጠባይ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1950 ያቀረበው ስሌት ነው፤ ሲያንስ ይሻላል። ሁልጊዜ «50 በመቶ» የሚል ሰው 0.25 ያገኛል። የእናንተ አማካይ ከዚያ ከበለጠ ሁልጊዜ «50 በመቶ» ማለት ይሻላችሁ ነበር ማለት ነው! ሠንጠረዡን በየወሩ ለተከታዮቻችሁ አውጡት፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ስለሆነ ብቻውን ከሌሎች ይለያችኋል።

ተከታይ የሚሸጡ አገልግሎቶችን ማወዳደሩ ራሱ ድካም ነው፤ አስተያየት የማይሰጥ፣ የማይጠይቅ፣ መድረኩ ሲያጸዳ በአንድ ሌሊት የሚጠፋ ቁጥር ነው የሚሸጡት። ተከታይ ከበዛ በኋላ ደግሞ «ይህን የክሪፕቶ ሳንቲም አስተዋውቅልን» የሚሉ ይመጣሉ። ኪም ካርዳሺያን ኢቴሪየምማክስ የተባለውን ሳንቲም ለማስተዋወቅ 250,000 ዶላር እንደተከፈላት ባለመግለጿ፣ ከአሜሪካ የዋስትና ሰነዶች ተቆጣጣሪ ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 የተስማማችው 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ነው። የተከፈላችሁበትን ጽሑፍ «ክፍያ የተፈጸመበት» ብላችሁ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉት፤ ከታች አትደብቁት።