ለኤክስሬይ መቋቋም ፍተሻ የፐልስድ ፓወር ማሽን ለምን ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦
የሳተላይት ኤሌክትሮኒክስ ከኑክሌር ፍንዳታ የሚወጣውን ኤክስሬይ መቋቋሙ የሚፈተሸው በግዙፍ የፐልስድ ፓወር ማሽኖች (ኃይል አከማችተው በቅጽበት በሚለቁ ማሽኖች) እንደሆነ አንብቤአለሁ። ተራ የኤክስሬይ ቱቦ ለረጅም ሰዓት ቢበራ ያንኑ መጠን ጨረር ሊያደርስ ይችላል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ስለምን ነው?

መልስ 1፦
ዋናው ነገር ጠቅላላው መጠን ሳይሆን ጨረሩ የሚደርስበት ፍጥነት ነው። ኤክስሬይ ቺፕ የሚሠራበት ሲሊከን ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሮኖችን እያላቀቀ ጅረት ይፈጥራል። ጨረሩ በዝግታ ከመጣ ጅረቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በጥቂት አሥር ናኖሴኮንዶች ውስጥ ከወረደ ግን በቺፑ ላይ ያሉት ትራንዚስተሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይረበሻሉ፤ ሜሞሪው የያዘውን ይስታል፣ ይባስ ብሎም ሰርኪዩቱ ላችአፕ (አንዴ የተከፈተ የጅረት መንገድ በራሱ የማይዘጋበት ሁኔታ) ውስጥ ገብቶ ከኃይል ምንጩ በሚስበው ጅረት ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። ቱቦው የሚያሳየው ቀስ በቀስ የሚከማቸውን ጉዳት ብቻ ነው።

ይህን ቅጽበታዊ ኃይል ለማግኘት ኤርዊን ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1924 ያስተዋወቀው ጄኔሬተር ካፓሲተሮችን (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ዕቃዎችን) በትይዩ ሞልቶ በተከታታይ አያይዞ ያፈስሳቸዋል፤ ቮልቴጃቸውም ይደመራል። የሚወጣው የኤሌክትሪክ ምት ገና አንድ ማይክሮሴኮንድ ያህል ስለሚረዝም፣ ውሃ በተሞሉ መስመሮች እየታመቀ ካጠረ በኋላ ኤሌክትሮኖችን ታንታለም የተባለ ከባድ ብረት ላይ ያጋጫል፤ ኤክስሬዩም ከዚያ ይወጣል። በአሜሪካ ሳንዲያ ቤተ ሙከራ የሚገኘው ሳተርን የተባለ ማሽን በ2 ሚሊዮን ቮልት ገደማ 10 ሚሊዮን አምፔር ያህል የሚያፈስሰው በዚሁ ዘዴ ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ውሃ ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍምን?

መልስ 2፦
ጨውና ማዕድኑ የወጣለት ውሃ የሚያሳልፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ምቱም አጭር ስለሆነ ኃይሉ ሾልኮ ለመጥፋት ጊዜ አያገኝም። በዚያ ላይ ውሃ በተመሳሳይ ቮልቴጅና ስፋት ከአየር 80 እጥፍ ያህል ኃይል ያከማቻል፤ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ፈሳሽ ማግኘት ያስቸግራል።

ከላይ በተሰጠው መልስ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የታንታለሙ ዘዴ ለጠንካራ (ጠልቆ ለሚገባ) ኤክስሬይ ይስማማል፤ ቮልቴጁ ሲቀንስ ግን ወደ ጨረር የሚለወጠው ድርሻ አብሮ ስለሚያሽቆለቁል ለስላሳ (በቀላሉ የሚዋጥ) ኤክስሬይን በብዛት ለማግኘት አያዋጣም። ለዚያ እዚያው ሳንዲያ ባለው ዜድ ማሽን ላይ እንደሚደረገው ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ውስጥ 26 ሚሊዮን አምፔር ድረስ ይለቀቃል፤ ሽቦዎቹ ፕላዝማ ሆነው በራሳቸው መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሃል ሲጨመቁ ኤክስሬይ ያፈልቃሉ። አስቸጋሪው ጉዳይ ከዚያ የሚፈናጠረው ፍርስራሽ ነው፤ የሚፈተሸውን ዕቃ ከፍርስራሽ ለመከላከል ወፍራም መከለያ ከተደረገ፣ መከለያው የተፈለገውን ለስላሳ ኤክስሬይ ራሱን ይውጠዋል።