24 ሰዓት ለሚሠራ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ፈቃዱ በምን ይቆጠር?

አወያይ፦ ሰላም የቤቱ ልጆች። የዛሬው ክርክር እዚሁ የምንኖርበትን አሜሪካ ይመለከታል። ብዙ ከተሞች ውስጥ የእሳት አደጋ ሠራተኛ 24 ሰዓት ሠርቶ 48 ሰዓት ያርፋል። በሳምንት ሲካፈል 56 ሰዓት ይመጣል። የቢሮ ሠራተኛ 40 ነው። ታዲያ ፈቃዳቸው እኩል ይሁን ወይስ በሰዓታቸው ልክ ከፍ ይበል? ስድብ ክልክል ነው።

ታክስ ከፋዩ፦ እኔ ከወዲሁ ተቃዋሚ ነኝ። ሰዎቹን አከብራለሁ። ግን በወር 10 ቀን ያህል ይገባሉ፣ 20ውን ቀን ቤታቸው ናቸው። እኔ ኡበር ስነዳ ከ56 ሰዓት በላይ እሠራለሁ፣ ፈቃድ የሚባል ነገር አላውቅም። እነሱ ደግሞ ማታ አልጋ አላቸው።

ከጣቢያው፦ አልጋውስ አለ ጋሼ። መተኛቱ ነው የሌለው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደወል ይጮኻል። አብዛኛው ጥሪ እሳት እንኳ አይደለም፤ የወደቀ ሽማግሌ፣ ደረቱን ያመመው ሰው ነው። ተመልሰህ ጋደም ስትል ሌላ ይመጣል።

የደመወዝ ክፍሏ፦ ስለ እንቅልፍ ከምንጨቃጨቅ በሰዓት እናስላው። ሁለቱም 80 ሰዓት የዓመት ፈቃድ አላቸው እንበል። የቢሮው ሰው በቀን 8 ስለሚቀነስበት 10 የሥራ ቀን ያርፍበታል። የእሳት አደጋው በአንድ ፈረቃ 24 ይቀነስበታል። ሦስት ፈረቃ ወስዶ 8 ሰዓት ይተርፈዋል።

ታክስ ከፋዩ፦ እሺ፣ ሦስት ፈረቃ ሲቀር ስንት ቀን ቤቱ ይቆያል? ቁጠሪው እስቲ። ከፊትና ከኋላ ያለው እረፍት ሲደመር 11 ቀን ነው!

የደመወዝ ክፍሏ፦ ልክ ነዎት፣ 11 ነው። የቢሮውንም ግን ቅዳሜና እሁዱን ጨምረው ይቁጠሩት። 16 ይመጣል።

ታክስ ከፋዩ፦ እ…

የደመወዝ ክፍሏ፦ ሰው የማያየው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሁለቱም በዓመት 70,000 ዶላር ያገኛሉ እንበል። የቢሮው ለ2,080 ሰዓት ሲካፈል የሰዓቱ ዋጋ 33.65 ነው። የእሳት አደጋው ለ2,912 ሲካፈል 24.04 ይወርዳል። ስለዚህ ያው 80 ሰዓት ለአንዱ 2,692 ዶላር፣ ለሌላው 1,923 ዶላር ነው። 56ን ለ40 ብታካፍሉት 1.4 ነው። 80 በ1.4 ሲባዛ 112 ሰዓት፤ በ24.04 ምቱት፣ ያው 2,692 አካባቢ ይመጣል። ይሄ ስጦታ አይደለም፣ ምንዛሬ ነው። ዶላርን በብር ቁጥር አንድ ለአንድ የሚመነዝር የለም።

የእሳት አደጋው ሚስት፦ እኔን የሚያበሳጨኝ የሕመሙ ነው። በወር 8 ሰዓት ይጠራቀማል፣ በዓመት 96። ለቢሮ ሰው 12 ቀን ነው። ለባሌ አራት ፈረቃ። ባለፈው ክረምት ልጆቹም እሱም ጉንፋን ያዛቸው፣ በሁለት ወር ውስጥ አለቀ። ከዚያ እያሳለው ገባ። የሰው እናት ሊያነሳ!

ከአዲስ አበባ፦ እኛ ጋ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ለመጀመሪያ ዓመት 16 “የሥራ ቀን” ይላል። ለመንግሥት ሠራተኛ አይሠራም፣ አውቃለሁ። ግን በቀን ስንቆጥርም ጥያቄው አይቀርም። በ2017 ጥቅምት ሸማ ተራ ሲቃጠል ሌሊቱን የታገለ ሰው የሥራ ቀኑ ስንት ነው?

ታክስ ከፋዩ፦ ሸማ ተራን ተወው፣ ሆዴን አታባባው። እሱ ፈቃድ ሲወጣ መኪናው ሰው ሳይሞላ አይወጣም። የሚተካው በአንድ ተኩል ኦቨርታይም ነው። ከ80 ወደ 112 ብላችሁ 32 ሰዓት ስትጨምሩ ከተማው የ48 ሰዓት ይከፍላል፣ ለእያንዳንዱ ሰው። የቢሮ ሰው ሲቀር ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይቆየዋል።

ከጣቢያው፦ ይሄኛው እውነት ነው፣ አልክድም። ጫናውም ለራሳችን ነው የሚመለሰው፤ ጓደኛዬ ሲያርፍ እኔ ለተጨማሪ 24 ሰዓት እጠራለሁ። ስለዚህ ፈቃድ ብቻ ጨምሮ ሰው አለመቅጠር ዋጋ የለውም። 24 ሠርቶ 72 ማረፍ የጀመሩ አሉ፣ በሳምንት 42 ሰዓት ነው። ግን አራተኛ ቡድን ይፈልጋል።

የእሳት አደጋው ሚስት፦ የሐዘን ፈቃድስ? 24 ሰዓት ነው የሚሰጡት። አንድ ፈረቃ!

ታክስ ከፋዩ፦ እሱንስ ተይው እህቴ። አንድ ፈረቃ ሲቀር አምስት ቀን ቤቱ ነው። ሠልስቱን አልፎ ይሄዳል።

የእሳት አደጋው ሚስት፦ ለቅሶው እዚህ ከሆነ። አዲስ አበባ ሄዶ እናቱን ቀብሮ በአምስት ቀን ይመለስ?

ታክስ ከፋዩ፦ …እሱ ላይ አልከራከርም። ነፍስ ይማር።

ከጣቢያው፦ ካንሰሩንም አትርሱት። በፈረንጆቹ 2022 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእሳት አደጋ ሥራን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፣ ከሲጋራ ጋር አንድ ምድብ ውስጥ። የሕመም ፈቃድ ስናጠራቅም ለጉንፋን ብቻ አይደለም።

ታክስ ከፋዩ፦ እሺ። የሕመሙ በ1.4 ይባዛ፣ ተስማማሁ። የዓመቱም ይሁን። ግን ሥራ ሲለቁ ያልወሰዱትን ፈቃድ በጥሬ ገንዘብ የሚቀበሉት ጣሪያ ይኑረው። ለቢሮው ሠራተኛ 240 ሰዓት ከሆነ ለእነሱም 240።

የደመወዝ ክፍሏ፦ ጋሼ፣ እንደገና ልንጀምር ነው? ጣሪያውም ይመነዘራል። 336 ነው።